የሻገተው ቡና ቅመም

ዓለም ለሁለተኛ ጊዜ እርስ በርሷ በተፋጀችበት በዚያ ታላቅ ጦርነት በአራተኛው ዓመት፣ የዓመቱ ትልቅ በዓል አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የመንግሥት መጋዘን ደጃፍ ዘጠና ጆንያ ቡና ተራገፈ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የቡና ፍሬ በዓይኑ ያላየው የከተማው ሰውም፣ ወሬውን ሰምቶ ለማየት መቆም ሲገባው፣ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ እየተጣደፈ ያልፍ ነበር።

ጆንያዎቹ ከወደቡ አጠገብ በቦምብ በተመታ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ውሃ ገብቶባቸው ስምንት ወር የተኙ ነበሩ። ሲከፈቱ ፍሬው እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ጡብ ሆኗል፤ በላዩም አረንጓዴና ነጭ ጸጉር አብቅሏል፤ ከአንደኛው ጆንያ አንዲት አይጥ ከነልጆቿ ተጠፍጥፋ ወጣች፤ ከስሩ የሚንጠባጠበው ውሃ ደግሞ ቁስል ተጠቅልሎበት የሰነበተ ጨርቅ ይሸት ነበር። ያራገፉት ተሸካሚዎች ትከሻቸውን በአመድ ሲያሹ ዋሉ፤ አንዱማ ሸሚዙን አውልቆ እዚያው ጥሎት ሄደ፤ ጨርቅ በቀላሉ በማይገኝበት በዚያ ዘመን ሸሚዝ መጣል ቀላል ነገር አልነበረም።

ይህ ቡና ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚፈርደው የመጋዘኑ ቡና ቀማሽ ነበር። ሰፈሩ «ምላስ» ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት ግን ከሥራው የተነሣ እንጂ ከወሬው አይደለም፤ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ያ ቀን ለእሱ የስብሰባ ቀን ነው። የአርባ አንድ ዓመት ሰው፣ ከሲታ፣ ዝምተኛ፤ ሽንኩርት አይበላ፣ ትንባሆ አይቀምስ፣ ሽቶ ከተቀባ ሰው አጠገብ አይቀመጥ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ «እኔ ያገባሁት ባል አይደለም፤ ምላስ የሚያሳድግ ሞግዚት ነው» ትል ነበር፤ ይህን ስትል ደግሞ ሾርባው ውስጥ ጨው ቀንሳ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው፤ ከየጆንያው አንድ እፍኝ ይወስዳል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ያፈላል፤ በማንኪያ ፉት ይልና አፉ ውስጥ አንከባልሎ፣ ሲጨርስ ከጎኑ ካለው የመዳብ ሳህን ላይ ይተፋል። ቀማሽ አይውጥም፤ የሙያው ሕግ ነው፤ የዋጠ ሰው ሆዱ ይፈርድለታል እንጂ ምላሱ አይፈርድም ይባላል። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ ቤተሰቡን ያስተዳደረው በመትፋት ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም። ከተፋ በኋላ እጁ ወደ ቅምሻ መዝገቡ ይሄዳል፤ ደኅና ከሆነ «ልኩ ተገኝቷል»፣ ካልሆነ «ይወገድ» ይልና ቀን ጽፎ ይፈርማል። ይህን የሚያደርገው ሳያስብ ነው፤ እኛ ቤት ስንገባ በሩን እንደምንዘጋ ያለ ነገር ነው።

ያን ዕለትም ቀመሰ። አፉ ውስጥ የገባው ነገር ቡና ለመሆን ያሰበ አይመስልም፤ እርጥብ ግድግዳ፣ የአሮጌ ካልሲ ላብ፣ ከስሩም የሥጋ ብልሽት የሚመስል ጣፋጭነት ነበረው፤ ከሁሉም ያስጠላው ጣፋጭነቱ ነው። ተፋው፤ ተጉመጠመጠ፤ ሦስት ጊዜ ተጉመጥምጦ እንኳ ጣዕሙ ጉሮሮው በር ላይ ቆሞ አልሄድ አለው። በመዝገቡ ላይ «ዘጠናውም ይወገድ» ብሎ ጻፈ።

የከተማው የቀለብ ሹም በማግስቱ ወደ ቢሮው አስጠራው። ሹሙ በወጣትነቱ ከቀማሹ እናት ቤት ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይቶ የኖረ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ጓንት የሚያደርግና ሲናገር መስኮት መስኮቱን የሚያይ ባለሥልጣን ሆኗል። በዚያ ሳምንት በጋዜጣ ላይ «ለሦስት ሺህ ቤት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ኪሎ የበዓል ቡና» ብሎ ቃል ገብቷል፤ ፎቶግራፉም ወጥቷል። ጆንያዎቹን አይቶ እንደሆነ ቀማሹ በትሕትና ቢጠይቀው፣ ማየት የበታች ሹማምንት ሥራ መሆኑን ገለጸለት። ከዚያም ቡናው በሙቅ ውሃ እንዲታጠብ፣ እስኪጠቁር እንዲቆላ፣ በመጨረሻም ቅመም እንዲገባበት አዘዘ።

«እናትህ በየበዓሉ የምታፈላውን አስታውሳለሁ፤» አለ፤ «ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ ያ የብርቱካን ልጣጩ። ያ ቅመም የማይሸፍነው ሽታ የለም። ልኩን ፈልግልኝ፤ ሰባት ቀን ሰጥቼሃለሁ።»

ቀማሹ፣ ቅመም ሽታ ቢሸፍንም ብልሽት አያድንም ለማለት አፉን ሲከፍት ሹሙ አንድ ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ የቀማሹ ከዘመቻ ነፃ መሆኛ ወረቀት ነበር። በየሦስት ወሩ በሹሙ ፊርማ የሚታደስ ሲሆን፣ ዘመኑ የሚያልቀው በዚያው በበዓሉ ሳምንት ነው። ሹሙ የቀለም ብልቃጡን በወረቀቱ ላይ አስቀመጠና ወደ መስኮቱ ዞረ። 

ቀማሹ ከኮንትሮባንድ ነጋዴ የተወረሰ አንድ ከረጢት ቅመም፣ ታጥቦ የጠቆረ ቡናና የቅምሻ መዝገቡን ይዞ ቤቱ ገባ፤ የመጋዘኑ ምድጃ ከሰል አልቆበት ነበርና ሙከራውን በራሱ ማዕድ ቤት እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል። ቤቱ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንደኛው የሚስቱ የስፌት መኪናና የእናቱ አልጋ፣ በሌላኛው የባልና ሚስቱ መኝታ፣ በመካከል ደግሞ ሁለት ሰው ከገባበት አንዱ ክንዱን ወደ ላይ ማንሣት ያለበት ማዕድ ቤት ነበር።

እናቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው ሴት ነበሩ፤ ከአልጋቸው የሚነሡት በሰው እጅ ነው። ከረጢቱ ሲፈታ ግን ማንም ሳይይዛቸው ተነሥተው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ማዕድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደረሱ። ቀረፋውን አንሥተው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ቡናው ከየት እንደመጣ ጠየቁት፤ እሱም የመሥሪያ ቤት ቡና ነው አላቸው። እውነት ነበር፤ ያችን ታህል እውነት ለዚያን ቀን ይበቃኛል ብሎ አሰበ።

ከዚያ ወዲያ ምድጃው የእናትየው ሆነ። ወንበር አስመጥተው ተቀመጡና በጣታቸው ማዘዝ ጀመሩ። መጀመሪያ ስኳሩ ብቻውን በደረቅ ድስት ላይ ይቀልጣል፤ ቀልቶ ሊያር ሲል ሙቅ ውሃ ይፈስበታል፤ ያን ጊዜ ስለሚጮህ ፊትን ማራቅ ነው። ቅመሙ ለብቻው በእሳት ይነካል፤ ይሰበራል እንጂ አይደቅም፤ የደቀቀ ቅመም ጥርስ ውስጥ እየገባ ሰው ሲስቅ ያሳፍራል። ብርቱካኑ ልጣጩ ብቻ፣ ነጩ ተፍቆ። ቡናው ገብቶ ሁለት ጊዜ ገንፍሎ ሲወርድ ከእሳት ወጥቶ ይከደናል፤ በጨርቅ ይጠለላል፤ ትኩስ ወተት የሚጨመረው ኩባያው ላይ ነው። ቅርንፉድ ለአንድ ሰው አንድ፣ ለቤቱ አንድ፤ ከዚያ በላይ ጥጋብ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ሽታው ከቅመሙ ስር፣ አዲስ ኮት እንደለበሰ ሰው ብብት፣ ብቅ አለ። ቀማሹ ባልዲው ላይ ተፋና ቅርንፉድ ጨመረ፤ ሁለተኛውም ከሸፈ፤ እንደገና ጨመረ። እናቱ ሲቆጥሩ ቆይተው፣ ቅርንፉድ የሚታዘዘው ለጥርስ ሕመም መሆኑን አስታውሰው፣ ቡናው ጥርሱን ያመው እንደሆነ ጠየቁት። ሚስቱ ሳቀች። ከአፍታ በኋላ ግን ሳቋ ቆመ፤ ቁልፍ ልትተክልበት የያዘችውን የባሏን የሥራ ኮት ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ነበር።

እናትየው ሲያሸልቡ ሚስቱ ማዕድ ቤት ገብታ በለሆሳስ ጠየቀችው፤ እሱም ስለ ጆንያዎቹና ስለ ወረቀቱ ነገራት። ወንድሟ ባለፈው ዓመት ዘምቶ የተመለሰው በአንድ ቁራጭ ደብዳቤ ነው። ወጥታ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ እስኪመሽም ቀና ሳትል ስትረግጥ ዋለች። ቅመሙ እንዲሠራም እንዳይሠራም ትመኝ ነበር፤ ራሷን የታዘበችው ያን ጊዜ ነው።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እናትየው፣ ቡናው ብዙ የቆየ ስለመሰላቸው፣ መላ አገኙለት። ልጣጩን ከውሃው ጋር ሳይሆን ከሚቃጠለው ስኳር ጋር አድርገው፤ ዝንጅብሉን አስቀድመው፤ ሄሉን ግን ድስቱ ከወረደ በኋላ በትነህ ቶሎ ክደነው አሉት። እንዳሉት አደረገ። በማንኪያ ፉት አለና አንከባለለው።

ሻጋታው የለም። ከምላሱ ስር ፈለገው፤ ከመንጋጋው ኋላ ፈለገው፤ ትንፋሹን በአፍንጫው አውጥቶ ፈለገው፤ የለም። የነበረው ሙቀት፣ ጣፋጭነትና የልጅነቱ በዓል ነው። ባልዲው ላይ ሲተፋ፣ ከጆንያዎቹ ይበልጥ ያስጠላው ይህ ሆነ፤ ጆንያው ቢያንስ የሆነውን ይሸት ነበር፤ ይህ ግን ያንኑ ብልሽት አጥቦ፣ አልብሶ፣ በእናቱ ድምፅ ያናግረዋል። ይህን ሁሉ እያሰበ ሳለ ሃያ ዓመት የሠለጠነው እጁ እርሳስ አንሥቶ፣ የእያንዳንዱን ቅመም መጠን ከነአገባቡ በቅምሻ መዝገቡ ላይ ጽፎ፣ «ልኩ ተገኝቷል» ብሎ፣ ቀኑን አስፍሮ ፈርሞ ነበር። መዝገቡን ማጥለያው አጠገብ መደርደሪያው ላይ አኖረና የትፋቱን ባልዲ ሊደፋ ወደ ግቢው ወረደ።

ሲመለስ እናቱ ሁለት ኩባያ ጨርሰው ሦስተኛውን እየቀዱ ነበር። ፊታቸው ወዝ አውጥቷል፤ ከከንፈራቸው በላይ የወተት አረፋ ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠበሰ ገብስ ቡና ነው ተብለው ሲጠጡ፣ አንድም ቀን አላመኑም ነበርና፣ አሁን ቡና ጠጣሁ አሉ። ቀማሹ በሩ ላይ ባዶ ባልዲውን ይዞ ቆመ። ሊናገር ነበር፤ ደስታቸውን አየና ዝም አለ፤ ምናልባትም ሆዳቸው ይችለው ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ። ሦስተኛውንም ጠጡት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማስታወክ ጀመሩ። ሁለት ቀን አላቆመላቸውም፤ መጀመሪያ የጠጡት፣ ኋላ ውሃ፣ ኋላም አረንጓዴ ሐሞት፤ ከስር አንሶላ፣ ከላይ ብርድ ልብስ ቢቀየር ሽታው ከፍራሹ አልወጣ አለ። ምራታቸው ሳህኑን ይዛ ጀርባቸውን ትደግፋለች። ከሁሉም የከፋው፣ ትውከቱ ቀረፋ ቀረፋ መሽተቱ ነበር፤ ፎቁ ሁሉ በዓል የደረሰበት ቤት ይሸታል፤ ከታች ያለችው ጎረቤት እንዲያውም ምን እንዲህ የሚያውድ ነገር እያፈላችሁ ነው ብላ ልታመሰግን መጥታ፣ በሩ ሲከፈትላት አፏን ይዛ ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናትየው ዓይናቸውን ገልጠው ልጃቸውን ጠሩት። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ድምፃቸው ግን አልተለወጠም።

«ያጠጣኸኝ ምን ነበር?»

ነገራቸው፤ ምድር ቤቱን፣ ጸጉሩን፣ አይጧን፣ የሹሙን ትእዛዝ ሳያስቀር። እስኪጨርስ ሰሙት።

«ስትመለስ ጠጥቼ ነበር፤ እሺ። ሦስተኛውን ስቀዳስ አልቆምክም?»

«ቆሜ ነበር፣ እማዬ።»

«አይጧ አይደለችም ያስጠላችኝ፤» አሉት ቀስ ብለው፤ «አይጥ አይጥ ናት። ያስጠላኝ እጄን ተውሰህ መሄድህ ነው። እዚህ መንገድ ላይ ያለ ሰው የእኔ ቡና ነው ከተባለ አሽትቶ አይጠጣም፤ ዝም ብሎ ነው የሚጠጣው። አንተ ደግሞ የእኔ ልጅ ሆነህ ትተፋለህ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ቀማሹ ተነሣ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ሄዶ፣ በጆንያዎቹ ላይ አልፈርምም አላት። ሚስቱ መኪናዋን አቆመች።

«ወረቀቱን ካልፈረመልህ ይወስዱሃል።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ካፖርትህን አምጣው፤ ገበር ልጨምርበት፤» አለችና መርፌ ፍለጋ ጎንበስ አለች፤ መርፌው ግን አንገትጌዋ ላይ ተሰክቶ ነበር።

በሰባተኛው ቀን የቀለብ ሹሙ ጸሐፊውን አስከትሎ እራሱ መጣ፤ ቀማሹ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሙከራው ወሬ አልላከም ነበርና። ደረጃውን ሲወጣ በወጣትነቱ የሚያውቀውን ቤት በማየቱ ደስ እንዳለው ለጸሐፊው ሲነግረው ተሰማ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ለታማሚዋ በተከፈተው በር በኩል እጅ ነሥቶ፣ እማማ፣ እግዜር ይማርዎ አለና ማዕድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ባለው ወንበር ተቀመጠ። መቅመስ እንደሚፈልግ ገለጸ። ቀማሹ ያለምንም ክርክር ከቀረው ቡና አፍልቶ፣ በተገኘው ልክ፣ ወተቱን ጨምሮ አቀረበለት።

ሹሙ ኩባያውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ የወጣትነቱ ዘመን መጣብኝ አለ፤ ይህንንም ያለው ከልቡ ነበር። ከዚያ አንዴ ፉት አለ። ጉንጩ ውስጥ ያዘው፤ ጥቂት ቆየ፤ በመጨረሻም የሐር መሐረቡን አውጥቶ አፉን የሚጠርግ መስሎ ተፋበት፤ መሐረቡንም በሁለት ጣቱ አጥፎ ለጸሐፊው አቀበለው። ጸሐፊው የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ይዞት ቆመ።

ከአልጋው በኩል ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ በፊት እኔ ቤት ስትጠጣ ጠብታ አታስቀርም ነበር። ምነው አሁን?»

«እማማ፣ ሆዴን ስለሚያመኝ ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ሦስቱ ሺህ ቤትስ ሐኪም የለውም?»

ሹሙ ፈገግ አለና ወደ ቀማሹ ዞረ። ቀማሹም በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አደረገ፤ እናቱ ሦስት ኩባያ ጠጥተው ሁለት ቀን እንዳስመለሱ፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ቢጠጡት እንደማይተርፉ፣ ልኩ የሸፈነው ምላስን እንጂ ሆድን እንዳልሆነ፣ ስለዚህም ክቡርነትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ እንጂ እኔ በዚህ ላይ አልፈርምም አለ። 

ሹሙ አልተቆጣም። ሲያዳምጥ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነበር። በአገጩ ሲያመለክት ጸሐፊው፣ መሐረቡን በመገላገሉ ደስ ብሎት፣ ምድጃው ጠርዝ ላይ ጣለውና የቅምሻ መዝገቡን አውርዶ ገለጠ። ጮክ ብሎም አነበበ፤ ቀረፋ ይህን ያህል፣ ዝንጅብል ይህን ያህል፣ ልጣጩ ከስኳሩ ጋር፣ ሄሉ ከወረደ በኋላ፤ ልኩ ተገኝቷል፤ ቀን፤ ፊርማ።

«ፈርመሃል እኮ፤» አለ ሹሙ።

ቀማሹ እጁን ዘረጋ። ጸሐፊው ግን መዝገቡን ብብቱ ስር አድርጎታል፤ የመንግሥት ንብረት ነው። ስለ ዘጠናው ጆንያ «ይወገድ» የተባለበት ገጽ ደግሞ፣ ገና መዝገቡ ከመጋዘን ሳይወጣ፣ ተቀድዶ እንደነበር ቀማሹ ያስተዋለው ጸሐፊው ሲያገላብጠው ነው። ሹሙ ተነሣ፤ ከዘመቻ ነፃ መሆኛውን ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ አየት አደረገና፣ ሳይፈርም መልሶ ከተተው። ገጹን አግኝቷል፤ ሰውየው ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል?

ቡናው በበዓሉ ዋዜማ ከነቅመሙ በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ ታደለ። በጥቅሉ ጀርባ የአፈላሉ ሥርዓት ታትሞ ነበር፤ ከስኳሩ መቃጠል ጀምሮ እስከ ክዳኑ ድረስ የእናትየው ቃል ነው፤ ቅርንፉዱ ብቻ በዝቷል። ሰው በየቤቱ አፈላው፤ መስኮቱ ሁሉ አወደ። በማግስቱ የሆስፒታሉ ኮሪደር ሞላ፤ አልጋ ሲያልቅ ሰው መሬት ላይ ተኛ፤ አስታማሚዎቹ የሚረግጡት ስፍራ እስኪያጡ ድረስ ወለሉ ረጠበ። ሃያ ሦስት ሰው ሞተ፤ የሚበዙት ከአምስት ዓመት በታችና ከሰባ ዓመት በላይ ነበሩ። ጋዜጣው የጉድጓድ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ብሎ መከረ። ቀማሹ በዚያው ሳምንት ገበር የተጨመረበትን ካፖርት ለብሶ ዘመተ፤ በሁለተኛው ክረምትም በወባ ሞተ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አጣሪ ጉባኤ ተቀመጠ። በፊቱ የቀረበለት ማስረጃ አንድ ገጽ ነው፤ ቀማሹ መርምሮ ልኩን እንዳገኘ በገዛ እጁ የጻፈበት። እናትየው ምራታቸው ደግፋቸው አራት ፎቅ ደረጃ ወጥተው ቃላቸውን ሰጡ፤ ስለ ጆንያው፣ ስለ መሐረቡ፣ ልጃቸው አልፈርምም ስላለበት ቀን፣ ደግሞም ሦስተኛውን ሲቀዱ ዝም ስላለበት፤ ይህችንም አልደበቁለትም። የጉባኤው ጸሐፊ ከዚህ ሁሉ የመዘገበው «የተከሳሹ እናት ቀርበው አለቀሱ» የሚል አንድ መስመር ነው። እናትየው አላለቀሱም ነበር። ጥፋቱ በቀማሹ ላይ ጸና፤ ሹሙ ያን ጊዜ በጡረታ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ጽጌረዳ ይኮተኩት ነበር።

የከተማዋን ታሪክ የሚያወሳው ወፍራም መጽሐፍ ስለዚያ ዓመት የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ የመከራ ዘመን እንኳ ለቀለብ ሹሙ ትጋት ምስጋና ይግባና ሕዝቡ ለበዓል ቡና አላጣም ይላል። የጻፈው ሰው መዛግብቱን በጥንቃቄ አገላብጧል፤ ውሸትም አልጻፈም። ቡናው ነበረ፤ ታድሏል፤ ሰዉም ጠጥቶታል።